የቃሬዛ ማኅበር ድርሻ

ፍራሹ በሩ ላይ ተሰነቀረ። ከውጭ ሁለት ወንዶች ይገፋሉ፤ ከውስጥ አንዲት ሴት ትጎትታለች፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ በየአፉ ያዛል።

«አጣጥፉት እንጂ!»

«በምን ይታጠፋል? ጭድ የተጠቀጠቀበት እኮ ነው!»

«ቶሎ በሉ፣ መኪናዋ ደረሰች!»

መኪናዋ በእርግጥም ደርሳ ነበር። መክሊት ወርዳ አንድ እርምጃ ሳትራመድ ቆመችና የጅብራ ሜዳን የእናቶች ማቆያ ቤት ተመለከተች። ከሁለት ሳምንት በፊት ለዝግጅት ብቻዋን በመጣች ጊዜ በሩ ላይ የዛገ ቁልፍ ተንጠልጥሎ፣ ደጁን ሣር ውጦት ነበር፤ በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቃ ስታይም ውስጡ ወና ነበር። ዛሬ ሣሩ ታጭዷል። ግድግዳው በነጭ አፈር ተለቅልቋል። ከበሩ በላይ ያለው «የዓይናለም መታሰቢያ» የሚል ሰሌዳ እንኳ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኔ ልጅ!» አሉ አያ ይሻው ከሰዎቹ መካከል ወጥተው። የክት ጋቢያቸውን ደርበዋል። «ዘነበችስ? የት ጣልሻት?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ወረደች። የእህቴን መቃብር አይቼ በእግሬ እመጣለሁ አለች።»

«ደግ አደረገች። ለእኛም ትንፋሽ ሰጠችን።» ወደ በሩ ዞረው ጮኹ። «በጎን አስገቡት! በጎን!»

መክሊት በደብረ ታቦር ከተማ በአንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ የለጋሾች አማካሪ ናት። ሥራዋ ለትውልድ መንደራቸው አንድ ነገር ለማድረግ የሚፈልጉ ሰዎችን ማነጋገር፣ ስጦታቸውም በስሜት ሳይሆን በጥናት እንዲመራ መርዳት ነው። ከዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቃ ሥራውን ስትይዝ፣ ከአገሯ ችግር ግማሹ የገንዘብ ሳይሆን የማሰብ እጥረት ነው ብላ ታምን ነበር። የመጀመሪያ ለጋሿ ዘነበች ነበረች።

ዘነበች ኩዌት በሰው ቤት ስትሠራ ታናሽ እህቷ ዓይናለም ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ መንገድ ላይ ዐረፈች። ዘነበች በስልክ እያለቀሰች ለመክሊት የነገረቻት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ በእህቷ ስም ተዝካር ማውጣት፣ ለተሸከሟት ሰዎችም አዲስ የቃሬዛ ቆዳና አንድ ጠንካራ በቅሎ መግዛት። መክሊት በትሕትና አዳመጠቻት። ከዚያም ለብዙ ወራት በጥያቄ አመላለሰቻት። በቅሎዋ ከሞተች በኋላስ? ሌላዋን እናት ከሞት የሚያድናት ሸክሙን ማቅለል ነው ወይስ ሸክሙን ማስቀረት? በመጨረሻ፣ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው በአዋላጅ ነርስ አጠገብ የሚሰነብቱበት ይህ ቤት ከጤና ኬላው ጎን ተሠራ። ተዝካሩም በቅሎዋም ቀሩ።

«አያ ይሻው፣ ይህን ሁሉ አልጋ ከየት አመጣችሁት?»

«ከየቤቱ ነዋ።»

«ማን አዘዛችሁ?»

«ማን ያዘናል? እንግዳ ሲመጣ ቤት አይሰናዳም እንዴ? ያቺ ልጅ በሰው አገር የሰው ወለል ስትፈትግ ኖራ ያሠራችውን ቤት ዝግ ሆኖ ትየው?» ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ ደጁ ጠቆሙ። «ፍራሾቹ የእኔና የጎረቤቶቼ ናቸው። ያ የጠፍር አልጋ የበላይነህ ነው።»

በላይነህ የተባለው ቀጭን ሰው አልጋውን በአንድ በኩል ይዞ አጎንብሷል። ሚስቱ ማሬ በነሐሴ ወር በምጥ መሞቷን መክሊት ባለፈው ስትመጣ ሰምታለች።

«የማሬ አልጋ ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የማሬ ነው። ራሱ አምጥቶ ሰጠን። እምቢ ብንለው የሚከፋው መስሎን ተቀበልነው።»

መክሊት እስከዚያች ሰዓት የምታውቀው ይህን ያህል ነበር። የተመደበችው አዋላጅ ነርስ ባሏን ተከትላ ተዛውራለች፤ በምትኳ ሰው አልመጣም፤ ቤቱ ተዘግቷል፤ ማሬ ሞታለች። ይህን ለአለቃዋ ለአቶ ደሳለኝ ስትነግረው አልተቆጣም። «እንግዲያው በሁለተኛው እናርመዋለን» ነበር ያላት። «የምንጭ በር ቀበሌው ቤት ሲሠራ የነርሷ ደመወዝ አብሮ ይታቀድ። ከስህተት መማር ማለት ይኸው ነው። ይህ ስጦታ ከቀረ ግን ቢሯችን ይዘጋል፤ ያቺም ሴት በከንቱ ሞታ ቀረች ማለት ነው።» ነገሩ ምክንያታዊ ነበር። መክሊት ደግሞ ምክንያታዊ ነገር መቃወም አልለመደችም።

ሁለተኛው ስጦታ ዘነበች ከኩዌት ጓደኞቿ ጋር ያጠራቀመችው ነው። ዛሬ ማቆያውን አይታ ደስ ካላት፣ ምሳ ከተበላ በኋላ በሕዝብ ፊት ተነሥታ ለአጎራባቹ ለምንጭ በር ቀበሌ ተመሳሳይ ቤት ለማሠራት ቃል ትገባለች። ቃሏን የሚቀበሉ የምንጭ በር ሰዎችም ማልደው መጥተው ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች መክሊት። «ማሬ እዚህ ነርስ ብታጣም ቃሬዛ ነበር አይደለም እንዴ? የእርስዎ ማኅበር ነበረ። ለምን ቶሎ አላወረዳችኋትም?»

አያ ይሻው ክንዷን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ወሰዷት። ከዚያ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ቁልቁለት በባሕር ዛፍ ጉቶ ተሞልቷል።

«የቱ ማኅበር፣ ልጄ?»

«የቃሬዛው ነዋ። ጥሩምባ ሲነፋ ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ የሚወጣበት።»

«እሱማ እዚህ ነበር» አሉ ጉቶዎቹን እያሳዩ። «ይህ ዛፍ የማኅበሩ ነበር። እየመለመልን ሸጠን ቆዳና ገመዱን እናድሳለን። የተሸካሚውን ስንቅ እንገዛለን። አስፋልቱ ላይ ስንደርስም ለታማሚው መኪና እንከራያለን። ሕዝቡ የድርሻውን ያዋጣ ባላችሁን ጊዜ ሌላ ምን ነበረን? ቆረጥንና ግድግዳና ማገር አደረግነው። ያውልሽ፣ ቆሟል።»

መክሊት ቤቱን ቀና ብላ አየችው። ያን ቀን አስታወሰች። እዚሁ፣ ያኔ ጥላ በነበረበት ቦታ ቆማ፣ ልማት የራስ የሚሆነው የራስ ድርሻ ሲኖርበት ብቻ እንደሆነ አስረድታ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተመካክረው ዛፋቸውን ሲሰጡ ከልቧ አጨብጭባለች። በጥናቷም ላይ ለሌሎች ቀበሌዎች አርአያ የሚሆን ተሳትፎ ብላ ጽፋዋለች።

«ዛፉስ ተቆረጠ፤ ሰዉ ግን አለ አይደል?»

«ሰዉ አለ። ግማሹ ወጣት ሐሙሲትና ባሕር ዳር ለቀን ሥራ ወርዷል፤ የቀረው አለ። ግን ከእንግዲህ እናት በትከሻ አትወርድም ተባልን። እኛም ደስ አለን፤ ማን ሸክም ይወድዳል? ማኅበሩን መርቀን በተንን፤ ጥሩምባውንም ሰቀልነው። ከዚያ ነሐሴ መጣ። መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ አምቡላንስ አይወጣ። በላይነህ ሚስቱን ደግፎ እዚህ ቢደርስ ዝግ ነው። ጥሩምባውን አውርጄ እኔው ነፋሁት።»

«ስንት ሰው መጣ?»

«አራት። እኔን ሽማግሌውን ጨምሮ። ቃሬዛ እየተቀያየሩ ነው የሚሸከሙት። አራት ሰው የት ያደርሳል? ጋራውን እንኳ ሳንጨርስ አለቀች። የቀረው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ማኅበር የለ፣ መቀጫ የለ፤ እያንዳንዱ ሌላው ይወጣል ብሎ እሳቱን ከብቦ ተቀመጠ።»

«እንደገና ብናቋቁመውስ?» አለች መክሊት። ንግግሯ መፍጠን ጀመረ። «የዘነበችን ስጦታ ለእሱ ብናደርገው? ለተሸካሚዎቹ አበል፣ አዲስ ቃሬዛ፣ በቅሎም ቢሆን...»

«በቅሎ!» አሉ ሽማግሌው፤ ሊስቁ ቃጣቸውና ተዉት። «ልጄ፣ እኔ ስሮጥ የኖርኩት ለሚስቴ የሮጠልኝ ስላለ ነው። እሱም ለአባቱ ስለሮጥንለት ነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ ስወለድ እየተሮጠ ነበር። ብር ከገባበት የሚከፈለው ይሮጣል፤ የማይከፍለውንስ ማን ያነሣዋል? ደግሞ ያን ቀን ያልወጡት ዛሬ በላይነህን ቀና ብለው አያዩትም። እነሱን ሰብስቤ ኑ እንደገና እንማማል ልበላቸው? በምን አፌ?»

መክሊት ዐይኗን ከጉቶዎቹ ላይ አላነሣችም።

«ቂም የለንም» አሉ አያ ይሻው። «መክረሽን ነበር፤ እኛም አምነንበት ነው ያደረግነው። ነርሷ ብትቀመጥ ኖሮ እውነትሽ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ለዘነበች እንዳትነግሪያት። እህቷን አጥታለች፤ ቤቷን ደግሞ አታሳጪያት። እኛ የሆነብን ሆኗል።»

«ምንጭ በርስ?»

«ምንጭ በር ምን ሆነ?»

«የቃሬዛ ማኅበር አላቸው?»

«አላቸው እንጂ። ዛፋቸውማ ከእኛም ይበልጥ ነበር...» አያ ይሻው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አቆሙ። ወዲያው ከቤቱ ፊት ለፊት እልልታ ተሰማ።

ዘነበች በሴቶች ተከብባ መጣች። ዐይኗ ከለቅሶ የተነሣ ቀልቷል፤ አፏ ግን ይስቃል።

«ኧረ ተዉኝ፣ ሙሽራ አስመሰላችሁኝ!»

«ወፍረሽ መጣሽልን፣ ተመስገን!» አለች አንዲት አሮጊት ጉንጯን እየሳመች።

«የማዳም ሩዝ ነው፣ እማማ። በነፃ እንዳይመስልዎ፤ በወገቤ ከፍዬበታለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ዘነበች መክሊትን አየችና በእጇ ጠራቻት። «ነይ እንጂ፣ አማካሪዬ! ምን ጥግ ይዘሽ ትቆሚያለሽ?»

«እርስዎ ይቅደሙ፤ እኔ...»

«እንደገና እርስዎ! አላረጀሁም አላልኩሽም?»

የበሩን መቃን ተሳልማ ገባች። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ከጥግ እስከ ጥግ ሄደች። መስኮቱን ከፍታ ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው። ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ አየች፤ ምድጃው ዐመድ ነክቶት አያውቅም።

«ነርሷስ የት ናት?»

«ለስብሰባ ወርዳለች» አለች አንዲት ሴት ፈጥና። ሌሎቹም አዎን እያሉ አጸኑት።

ዘነበች በላይነህን በሩ ላይ ቆሞ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «በላይነህ፣ ወንድሜ፤ እግዜር ያጥናህ። ማሬን ስሰማ ቀኑን ሙሉ ሥራ መሥራት አቅቶኝ ማዳም ስትጮህብኝ ዋለች። እዚህ እያለች ነው ያረፈችው?»

«ቀኗ ደርሶ ነው ልጄ» አሉ አያ ይሻው፣ በላይነህ አፉን ሳይከፍት።

«የእግዜር ሥራ። እንደ ዓይናለም መንገድ ላይ አለመሆኗ ይሻላል።» ዘነበች ዝላ የጠፍር አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጠፍሩን በእጇ ጫን ጫን አደረገችው።

«ይመቻል?» አለ በላይነህ።

«ይመቻል፣ ወንድሜ። እግዜር ይስጣችሁ።»

በላይነህ ጥቂት ቆሞ አያት። ከዚያ ወጣና በአጥሩ በኩል ወደ ቤቱ ሄደ፤ ለምሳው ሲጠሩትም አልተመለሰም።

መክሊት ያን ካየች በኋላ ወደ ደጅ ወጥታ በሐሳቧ ሁለቱን ነገሮች አስተያየቻቸው። አያ ይሻው ልክ ናቸው፤ እውነቱ ለዘነበች ምንም አይሰጣትም፤ ያላትንም ይወስድባታል። እሷ ዝም ካለች ግን ነገ የምንጭ በር ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የድርሻችሁን አዋጡ ይባላሉ። ደመወዙ ቢታቀድም የምትመደበው ነርስ ባል ይኖራታል፣ ልጅ ይኖራታል፣ የጉና ተራራን ብርድ የምትሸሽበት ምክንያት አታጣም። የተበተነውን ማኅበር ግን ማንም ሊመድበው አይችልም። ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ የጎደላት አፏን የምትከፍትበት ድፍረት ነበር።

ዘነበች ስትወጣ ጠብቃ ከቤቱ ጀርባ ወሰደቻት።

«ያላ፣ ቶሎ በይ» አለች ዘነበች አንዱ ጉቶ ላይ እየተቀመጠች። «ድንቹ ይቀዘቅዛል ብለውኛል። ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? ብርዱ ነው?»

«ለምንጭ በር አትስጪ፣ እትዬ ዘነበች።»

«ምን?»

«ቤቱን አታሠሪ። ምክሬ ይህ ነው።»

ከዚያ የቀረውን ሁሉ ነገረቻት። ነርሷ መሄዷን፣ የዛገውን ቁልፍ፣ የተቀመጠችበት ጉቶ የማን ዛፍ እንደነበረ፣ አራቱን ሰዎች፣ ማሬ የሞተችው እዚህ ሳይሆን ጋራው ላይ መሆኑን ነገረቻት። ቃላቱን ስታስተካክል እንደ ልማዷ ሥርዓት ያዘችላቸው፤ ሥርዓታቸው ራሱ አስጠላት። ዘነበች አጠገቧ የበቀለውን ሣር እየነጨች ጉልበቷ ላይ ታስቀምጥ ነበር።

«አልጋዎቹስ?» አለች በመጨረሻ።

«ከየቤቱ ነው ያመጧቸው።»

«እኔ የተቀመጥኩበት አልጋስ?»

«የማሬ ነው» አለች መክሊት። ዘነበች ከጉቶው ተነሥታ ቀሚሷን ከኋላ አራገፈች። ምንም አልነበረበትም፤ ደጋግማ አራገፈችው።

«ማድቤት ውስጥ ነበር የምተኛው፣ ታውቂያለሽ?» አለች። «በማቀዝቀዣውና በግድግዳው መካከል። ዐይኔን ስጨፍን እዚህ ቤት ውስጥ እዞር ነበር። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ምድጃውን አነድዳለሁ። የሴቶቹን ወሬ ሳይቀር እሰማው ነበር። ማዳም ስትሰድበኝ እንኳ በልቤ ስድብሽን ቻልኩት፣ ቤት አለኝ እላለሁ። አሁን ምን እላለሁ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታሽ ምን ይሠራልኛል? በቅሎ ልግዛላቸው ስልሽ ማን ነበር የከለከለኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት ያምርብሽ ነበር ስታወሪ! እኔ አልተማርኩም፣ እሷ ታውቃለች አልኩ። እናቴ ተዝካሩ ቀረ ብላ ስታለቅስ አኩርፌ ስልኩን ዘጋሁባት።» ድምፅዋ ከፍ አለና ሰዎቹን አስታውሳ አፈነችው። «እሺ፤ አሁንስ? ጓደኞቼ በየፎቁ ተቀምጠው ምን አየሽ እያሉ ይጠብቁኛል። ከአፋቸው ነጥቀው ያጠራቀሙትን ምን ላድርገው? ለማን ልስጠው? አማካሪ አይደለሽም? ምከሪኛ!»

በሌላ ቀን መክሊት መልስ ታጣለች ተብሎ አይታሰብም ነበር። ለሁሉም ለጋሽ የምትሰጠው፣ በሦስት ደረጃ የተከፈለ፣ በቃሏ የያዘችው መልስ ነበራት። ፈለገችው፤ ቃላቱ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። አንዱንም ማመን ግን አልቻለችም።

«አላውቅም» አለች።

«አታውቂም?»

«አላውቅም። የማውቀው ምንጭ በር እስከ ዛሬ ቃሬዛ እንዳለው ነው። እኛ ካልደረስንባቸው ይኖራቸዋል።»

ዘነበች አየቻት። በዐይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ለመክሊት ይቀላት ነበር። «ኸላስ፣ በቃ» አለች ዘነበች፤ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ዳሱ ሄደች።

ምሳው የተቀቀለ ድንችና የገብስ ጠላ ነበር። ዘነበች ሰሐኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳትነካው ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ከመቃብር መምጣቷን ስለሚያውቅ ብይ ብሎ አላስጨነቃትም። ከምንጭ በር ሰዎች መካከል ሰፊ ትከሻ ያለው ደምሴ የሚባል ጎልማሳ ንግግር ለማድረግ ተነሣ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው።

«እኛ የምንጭ በር ሰዎች ብዙ አንናገርም» አለ። «ጅብራ ሜዳዎች ሁልጊዜ ይቀድሙናል፤ ትምህርት ቤቱንም ቀደሙን፣ ወፍጮውንም ቀደሙን።»

«ጠላውንም!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ዳሱ በሳቅ ተሞላ።

«ጠላውን እንኳ ተዉት፤ ቀጥኗል!» ደምሴ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። «እናታችን ዘነበች፣ በእኛ ግን አታፍሪም። የድርሻችሁን አዋጡ እስክንባል አልጠበቅንም። የቃሬዛ ማኅበራችንን ባሕር ዛፍ ከትናንት ጀምረን እየቆረጥን ነው። ዛሬም እኔ ስነሣ መጥረቢያው አላቋረጠም። ግማሹ ወድቋል። እንጨቱን እስክታዩት ድረስ ነው!»

ዳሱ በጭብጨባ ተናወጠ። አያ ይሻው አላጨበጨቡም። እጃቸውን ከዘራቸው ላይ አነባብረው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሰዉ ሁሉ ወደ ዘነበች ዞረ። እሷም ተነሣች። ነጠላዋን ከአፏ ገለጥ አደረገች፤ አንድ ነገር ልትል ሞከረች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ተቀመጠች።

ሕዝቡ ሐዘኗ ገፍቷት ነው ብሎ ይበልጥ አጨበጨበላት። ደምሴ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ቃሉን እንደተቀበለ ሰው በደስታ ፊቱ አበራ። መክሊት በሕዝቡ መካከል አልፋ አጠገቡ ደረሰች።

«አቶ ደምሴ፣ አሁንም እየቆረጡ ነው?»

«አሁንም!» አለ በኩራት። «እስኪመሽ አያቆሙም።»

«ስልክ ደውለህ ልታስቆማቸው ትችላለህ?»

«ስልክ እዚያ የት ይሠራል? ደግሞ ለምን አስቆማቸዋለሁ?» ሳቀ። «መጠኑ እንዳይበዛ ብለሽ ከሆነ፣ የተረፈውን ለአጥር እናደርገዋለን።»

«በመኪና ይደረሳል?»

«ገደል ነው እህቴ። በእግር ነው፤ አንቺ በዚህ አካሄድሽ ከፈጠንሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትደርሺያለሽ። መሬቱን ልታይ ነው? ዛሬውኑ?»

መክሊት ወደ መኪናው ሄደች። ሾፌሩ እሸቴ በጋቢና ውስጥ ድንች ይበላል።

«እትዬ ዘነበችን ወዳለችህ ቦታ አድርሳት» አለችው። «እኔ አልመለስም። ለአቶ ደሳለኝ ስጦታው ቀርቷል፣ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ በለው።»

«እንዴ፣ ይህን እኔ ነኝ የምነግረው? ራስሽ ንገሪው እንጂ፣ መክሊት! ቢሮው ይዘጋል ሲል አልሰማሽም? የእኔም እንጀራ እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ። የአንተም መሆኑን አውቃለሁ።» በሩን ቀስ ብላ ዘጋችበት።

ስትዞር ዘነበችን በሩቁ አየቻት። ዳሱ ውስጥ ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ ይስሟታል፣ ይመርቋታል። ዘነበችም ጉንጯን ትሰጣለች። ወደ መክሊት አላየችም።

ደምሴ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከፊት ከፊት እየሄደ መንገድ ይመራት ጀመር። ጓደኞቹ ፈጥነው ራቁ። እሱ ግን እንግዳ ትቶ መቅደም ነውር መስሎት እየዘገየ ይጠብቃታል፤ እየጠበቀም ያወራል። ቤቱ ከምንጩ በላይ ቢሆን ነፋሱ እንደሚበዛ፣ ከምንጩ በታች ቢሆን ግን ክረምቱ እንደሚያስቸግር አስረዳት።

«አንቺ የተማርሽው ምን ትያለሽ? ከላይ ነው ከታች?»

መንገዱ ወደ ገደሉ የሚታጠፍበት ቦታ ደርሰው ነበር። መክሊት ቆመች።

«አቶ ደምሴ፣ ቤቱ አይሠራም። ዘነበችም ቃል አልገባችም። እኔ የምመጣው መጥረቢያውን ለማስቆም ነው።»

ደምሴ የሰማውን ነገር ለማመን ፊቷን መረመረ። ቀልድ ፈልጎ ነበር፤ አላገኘም። «እንጨቱ ወድቋል እኮ» አለ። «ግማሹ ወድቋል። ማኅበሩንም ትናንት መርቀን በትነናል።»

«ግማሹ አለ። ማኅበሩም ከተበተነ ገና ሁለት ቀኑ ነው።»

«ለሕዝቡ ምን ልበል? ሰጪዋ ጠላችን ልበል?»

«አንተ ምንም አትልም። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺ? ሴት ልጅ ከከተማ መጥታ ቆርጣችሁ የጣላችሁት በከንቱ ነው ስትላቸው?» ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። በድምፁ ውስጥ የቀረው ደስታ ሁሉ ሄዷል። «አይሰሙሽም። ይሰድቡሻል።»

«አውቃለሁ።»

ወደ ፊት አልፎ እንዲመራት ጠበቀችው። ደምሴ አልተንቀሳቀሰም። ከገደሉ አፋፍ ላይ ሦስት ቀጭን የእግር መንገዶች በተለያየ አቅጣጫ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የትኛው ወደ ምንጭ በር እንደሚያደርስ አታውቅም። ጥቂት አየቻቸውና ብዙ ሰው የረገጠው የመሰላትን መርጣ መውረድ ጀመረች።